ባሕሩም ዋስ ይፈልጋል

ቦንድ ሲባል ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን የዓባይ ግድብ ነው። ስንቱ ከደመወዙ እያስቆረጠ ገዝቷል። ሲሸልስ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ቦንድ የሸጠችው ለባሕሯ ነው። «ሰማያዊ ቦንድ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ቦንድ ያወጣ መንግሥት ከዚያ በፊት አልነበረም።

አገሪቱ ትንሽ ናት። 115 ደሴቶቿ ቢደመሩ አዲስ አበባን አያክሉም። የባሕር ክልሏ ግን ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኢትዮጵያን ያስከነዳል። የምትኖረው በዓሣና በቱሪስት ነው። ባሕሩ ከተራቆተ ሁለቱም የሉም።

ቦንዱ የ15 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የ10 ዓመት። የገዙት ሦስት የአሜሪካ ተቋማት ናቸው። ለምን ገዙ? ለዓሣው አዝነው ብቻ አይመስለኝም። የዓለም ባንክ ለ5 ሚሊዮኑ ዋስ ሆኗል። ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ፈንድ፣ ግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ ደግሞ የወለዱን ጫና የሚያቃልል ሌላ 5 ሚሊዮን በቅናሽ አበደረ። በዚህ የተነሳ 6.5 በመቶ የነበረው ወለድ ለሲሸልስ ወደ 2.8 በመቶ ወረደላት።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በየስብሰባው ባለሀብቱ ለውቅያኖስ እንዲቆም ይለመናል። የሰው ጡረታ የሚያስተዳድር ድርጅት ግን በልመና ገንዘብ አያወጣም፤ ማውጣትም የለበትም። ብሩ የሌላ ሰው ነው። እኛስ ብንሆን ዋስ ለሌለው ሰው መቼ እናበድራለን? ስለዚህ የለጋሾች ገንዘብ በየአዳራሹ ከሚያልቅ ዋስ ሆኖ ይቁም። 5 ሚሊዮን ዋስ ሆኖ 15 ሚሊዮን ከጠራ፣ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅለትም።

ከኬንያዋ ሞምባሳ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጋዚ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አለች። እዚያ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ ጨው ውኃ ውስጥ ይበቅላል። ሥሩ እንደ ሸረሪት እግር ጭቃው ላይ ተዘርግቷል። ማዕበሉ ሲገባ ትንንሽ ዓሦች በሥሮቹ መሃል ይደበቃሉ። ሲመለስ ሸርጣኖች ከጭቃው ብቅ ይላሉ። እንጨቱ ለቤት ሥራም ለማገዶም ጥሩ ነውና ሲቆረጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ግን ነዋሪዎቹ «ሚኮኮ ፓሞጃ» በሚባል ፕሮጀክት፣ 117 ሄክታሩ አምቆ የሚይዘውን ካርቦን ብክለታቸውን ማካካስ ለሚፈልጉ ይሸጣሉ። የፕሮጀክቱ ስም ትርጉም «ማንግሮቭ በጋራ» ማለት ነው። ገንዘቡ ለንጹሕ ውኃና ለተማሪዎች መጽሐፍ ውሏል። ቧንቧ ከፍታ ባልዲዋን የምትሞላ እናት ዛፉ ለምን እንደማይቆረጥ ሰባኪ አያስፈልጋትም።

«ባሕር የሕዝብ ነው፤ ነጋዴ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ቦንድ የገዛ ሰው ወለዱን ያገኛል እንጂ ባሕሩን አይወስድም። ግን ለሁሉም ነገር ገዢ አይገኝም። ለጥልቁ ባሕር ፍጥረታት ማን ይከፍላል? እሱ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የእኔ ትልቁ ጭንቀት ሌላ ነው። ዓሣው እንዲያገግም አንዳንድ ቦታ ማስገር ይከለከላል። ያን ቀን ባዶ ጀልባ ይዞ የሚመለሰው አስጋሪው ነው። በሲሸልስ ከ15 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮን ለእርዳታ፣ 12 ሚሊዮን በልማት ባንኩ በኩል ለብድር ተመድቧል። ጥሩ ነው። ግን ዋስ የሚሆነው ወገን ከመፈረሙ በፊት ውሉ በአገሬው ቋንቋ በክሪዮል ተጽፎ አስጋሪው እጅ ይግባ። አንብቦ «እዚህ ጋ አልስማማም» የሚልበት ጊዜም ይሰጠው።