ክፍሉን ሳያዩ አምስት ነጥብ

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በዩኒቨርሲቲ መምህራን ቢሮዎች ወረቀት መዞር ይጀምራል። መምህራን እርስ በርስ ነጥብ የሚሰጣጡበት የባልደረባ ግምገማ ነው። «ወንድሜ፣ የኔን ሙላልኝ፣ ያንተን እሞላልሃለሁ።» ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። «ትምህርቱን በግልጽ ያቀርባል» ለሚለው አምስት። «ተማሪዎችን ያሳትፋል» ለሚለውም አምስት። ወረቀቱን የሞላው ሰው ግን የባልደረባውን ክፍል አንድ ቀን እንኳ ረግጦ አያውቅም። እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይሄ ነው።

እኔ ነጥቡ ቢቀር እላለሁ። በምትኩ አንዳችን የሌላችን ክፍል ገብተን ሲያስተምር እንይ።

የተማሪ ግምገማ አለ አይደል? አለ፣ ይኑርም። መምህሩ ሰዓት ማክበሩን፣ የፈተና ወረቀት መመለሱን ከተማሪ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃንዳውቱ ዘመን ያለፈበት መሆኑን ግን በምን ይወቅ? እሱን የሚለየው የሙያ ጓደኛ ነው።

ደግሞ ድሬዳዋን አስቡት፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ። ቬንትሌተሩ ይጮኻል። ለነፋስ ተብሎ መስኮቱ ስለተከፈተ ፕሮጀክተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በፀሐዩ ደብዝዟል። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስላይድ ያነባል። ከኋላ ያለው ልጅ አይሰማም፤ ይሉኝታ ይዞት «አልሰማሁም» አይልም። «ግልጽ ነው?» ሲባል ሁሉም ዝም። መምህሩም ገብቷቸዋል ብሎ ይቀጥላል። አንድ ባልደረባ ኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ በአስር ደቂቃ ይነቃበታል።

ሐኪሞች ከእኛ ይሻላሉ። ሐረር ሕይወት ፋናን በመሰለ ማስተማሪያ ሆስፒታል ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎችን እየዞረ እያየ የሚያስተምር ስፔሻሊስት ሬዚደንቱም (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥነው ሐኪም) ሌላው ሐኪምም እየሰማው ነው። እኛ ጋ በሩ ዝግ ነው። አዲስ መምህር ሃየር ዲፕሎማ የሚባለውን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ሲወስድ የክፍል ምልከታ የሚባል ነገር አለ፤ ሰርተፊኬቱ ከተያዘ በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

«ቂመኛ ገብቶ ቢጽፍብኝስ?» የሚል አለ። እውነቱን ነው፣ እኛ ሀገር ግምገማ የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጣል። ስለዚህ ታዛቢውን መምህሩ ራሱ ይምረጥ። አስቀድሞም «ጥያቄ አጠያየቄን እይልኝ» ይበለው። በማግስቱ ሻይ እየጠጡ ይነጋገሩ። ማስታወሻው እዚያው መምህሩ ጋ ይቅር፤ የዕድገት ፋይል ውስጥ ከገባ ተመልሶ ያው አምስት ነጥብ ይሆናል።

ጊዜ የለንም ባይም አይጠፋም። እኔ የምለው በሴሚስተር አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ቀድመው የራሳቸውን ክፍል ቢከፍቱልን ደግሞ ሌላው ብዙ አያንገራግርም።