«ቀለሙ ለቀቀ» ለምትሉኝ ሁሉ

ወገን፣ ዛሬስ ልናገር። ደሴ ላይ ክራርና ዋሽንት እየሠራ የሚኖርን ሰው የሚያበግነው የጅማት ዋጋ ይመስላችኋል? ወላሂ አይደለም፣ ቀለም ነው!

ሱቅ ትሄዳለህ። ባለሱቁ ዱቄቱን ከጣሳ በማንኪያ ዝቆ በጋዜጣ ይጠቀልልልሃል። የእንጨት ነው የጨርቅ? «ለሁሉም ይሆናል፣ አብሽር!» በውሃ ነው በስፒርቶ የሚሟሟው? «በፈለግከው!» የምን በፈለግከው ነው? ቤት ወስደህ በስፒርቶ ስትበጠብጠው ሥር ይዘቅጣል። ጥቁር ብለው የሸጡልህ ደግሞ እንጨቱ ላይ ሲደርቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ!

በውሃ የሚሟሟው ሥራ አለው። ውሃ የነካው እንጨት ላዩ ይሻክራል፤ ስለዚህ አስቀድመህ በእርጥብ ጨርቅ ታረጥበዋለህ፣ ታደርቃለህ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለህ፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። እሱም መድረቅ አለበት። በክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ተኝቶ፣ ምኑ ነው የሚደርቀው? ኮምቦልቻ ብሆን ሙቀቱ ያግዘኝ ነበር። ደንበኛ ግን «ነገ ሠርግ አለብኝ» ነው።

በስፒርቶ የሚሟሟው ቶሎ ይደርቃል፣ እንጨቱንም ብዙ አያሻክርም። ጣጣው የሚመጣው ከላይ ማብረቅረቂያውን፣ ጎማላካውን ስትቀባ ነው። ጎማላካም የሚሟሟው በስፒርቶ ስለሆነ፣ በብሩሽ አንዴ አሳልፈህ ካልተውከው የሥሩን ቀለም መልሶ ያሟሟውና ይጎትተዋል። ቀዩ ከክራሩ ቋሚ ወርዶ ነጩን ቆዳ ያዥጎረጉረዋል። ለዚህ ነው ስስ ስስ አድርጌ እየቀባሁ በየመሀሉ የማስደርቀው። ይኼንን ለማን ትነግረዋለህ? «ቀለሙ ነጭ ቀሚሴን አበላሸው» ብላ የደወለችልኝ እኅቴ፣ ሳይደርቅ ከእጄ ነጥቃ የሄደችው እሷ ናት!

ሌላው ደግሞ «በበር ቀለም ለምን አትገላግለውም» ይለኛል። እስቲ ያንን ወፍራም ቀለም ገበቴው ላይ ደፍተህ አምባሰልን ተጫወትበት፣ ድምፁ ታፍኖ ሲቀር ታየዋለህ። ቡናማ ዋንዛ ላይ ደማቅ ቢጫ የሚያዝዝም አለ። ወንድሜ፣ ይኼ ቀለም እንጨቱን አይሸፍነውም፣ ከእንጨቱ መልክ ጋር ነው የሚደባለቀው፤ የሚወጣልህ ጭቃ ነው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሰቅለው «ደበዘዘ» የሚሉትንማ ተዉአቸው።

የባሰው ግን የቀይ ዋሽንቱ ሰውዬ ነው። የሸምበቆ ልጥ ሰም አለበት፣ ካልፋቅከው ቀለም አይጠጣም። ቢጠጣስ፣ አፍ የሚነካውን ነገር ምንነቱ በማይታወቅ ዱቄት አልነክርም አልኩት። ሄዶ ሌላ ቦታ አስቀባው። ሲመለስ ከንፈሩ ሊፕስቲክ የተቀባ መስሏል፣ የሚጮኸው ግን እኔ ላይ! «መጀመሪያ አንተ ብትሠራው ኖሮ…» ኧረ በአላህ!

ጥቁር የምትፈልጉ እሺ፣ ጣጣ የለውም። የግራር ቅርፊት ቀቅዬ እንጨቱን አጠጣውና የዛገ ምስማር የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ እቀባዋለሁ፤ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል፣ ከሱቅ ዱቄትም እገላገላለሁ። ቀይ ግን በክረምት ከእኔ አትጠብቁ። የቸኮለ ዋንዛውን ከነመልኩ ይውሰድ፤ «ቀይ ካልሆነ» የሚል ሰው ቀብድ ከፍሎ ለመስከረም ይዘዝ። ባለሱቆችም፣ እባካችሁ ጣሳው ላይ የውሃ ወይም የስፒርቶ ብላችሁ ጻፉበት።