እርማት፦ ኳድ ኤ ለመመለስ ሰርቨሩ የግድ አይፒቪ6 አያስፈልገውም

«የዲኤንኤስ ሰርቨራችን አይፒቪ6 አድራሻ ስለሌለው ኳድ ኤ ሪከርድ ማስገባት አንችልም» የሚለው ስህተት ነው። ዲኤንኤስ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚቀይር ሥርዓት ነው፤ ኤ ሪከርድ የስሙን አይፒቪ4 አድራሻ፣ ኳድ ኤ (AAAA) ደግሞ ረጅሙን አይፒቪ6 አድራሻ ይይዛል። ጥያቄው የሚጓዝበት መንገድና የሚጠየቀው ሪከርድ አይገናኙም፤ 128 ቢት ያለው አድራሻ በአይፒቪ4፣ በፖርት 53 ያለችግር ይመለሳል። ሰርቨሩ አይፒቪ6 የሚያስፈልገው፣ አይፒቪ6 ብቻ ያለው ሪዞልቨር (ለተጠቃሚዎች ስሙን ጠይቆ መልስ የሚያመጣ ሰርቨር) በቀጥታ እንዲያገኘው ከተፈለገ ነው። ያኔ «ግሉ» (glue) ሪከርዱም፣ ማለትም በወላጅ ዞኑ የሚቀመጠው የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አድራሻ፣ እንዳይረሳ።

በተግባር የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ስሙ ኤ ሪከርድ ብቻ ካለው፣ ለኳድ ኤ ጥያቄ ትክክለኛው ምላሽ «ኖኤረር» (NOERROR፣ ስህተት የለም) ሆኖ የመልስ ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት። አንዳንድ ያረጁ ሎድ ባላንሰሮች (ሥራን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍሉ መሣሪያዎች) ግን «ኤንኤክስዶሜይን» (NXDOMAIN) ይላሉ፤ ስሙ ጭራሽ የለም ማለት ነው። ሪዞልቨሩ ይህን ካሽ ያደርግና (ለጊዜው ያስቀምጥና)፣ በአይፒቪ4 ደህና ሲሠራ የነበረው ሳይትም አብሮ ይጠፋል። ዲግ (dig) በተባለው የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትእዛዝ ሁለቱንም የሪከርድ ዓይነት በየተራ ጠይቃችሁ «ስታተስ» የሚለውን አስተያዩ።