ይድረስ ለክቡር ካሬ ሜትር

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆት ያልነው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። ብሮሸር ላይ 140 ሆነው የታዩት እርስዎ ቁልፍ ርክክብ ላይ 104 ሆነው ይገኛሉ፤ 36ቱ የት እንደቀሩ ሳይጠየቁ ስንት ዘመን ኖሩ!

ቅኔ መማርዎ ያስታውቃል። ሻጭ «140 ካሬ፣ ባለ ሦስት መኝታ» ሲል ሰሙ ግሮስ ነው፣ ማለትም ግድግዳውም የጋራ ቦታው ድርሻም ተደምሮ፤ ወርቁ፣ ማለትም እግር የሚረግጠውና ሶፋ የሚቀመጥበት፣ ኔት ነው። ገዢ ሆዬ ሰሙን በወርቅ ዋጋ ይገዛል።

መንገድዎን ተከትለን እንይ። አፓርታማው ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ 12 በ10 ሜትር ነው እንበል፤ 120 ነዎት። ብሮሸሩ ላይ ወደ 140 ያሳደገዎት የደረጃ፣ የሊፍት፣ የኮሪደርና የመግቢያ ድርሻ ነው። እነዚህ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤቶቹ ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸውና ማንም ድርሻዬ ብሎ ቆርሶ አይወስዳቸውም። ስለዚህ ገዢው የ20 ካሬ ዋጋ ከፍሎ የደረጃ ባለድርሻ ይሆናል፤ አልጋ ግን አይዘረጋበትም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኸ ነው።

ከ120ው ደግሞ ግድግዳ አለ። ባለ 20 ብሎኬት ሁለት ፊቱ ሲለሰን 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ይህ ከአራቱም ጎን ሲቀነስ ውስጡ 11.50 በ9.50 ይሆናል፤ 109.25 ቀረ። ክፍሎቹን የሚለየው የባለ 10 ብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጠቅላላው 30 ሜትር ቢረዝም 4.50 ይበላል። የቧንቧው ሻፍት (ቧንቧዎቹ ከፎቅ ፎቅ የሚያልፉበት ክፍተት) እና ሳሎን ውስጥ እንደ እንግዳ የቆመው ኮለን (የሕንፃው ምሰሶ) ተረዳድተው 0.75 ይወስዳሉ። እነሆ 104። ከጎረቤት ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ለያንዳንዱ ቤት እስከ መሐሉ ብቻ መቆጠር ሲገባው ለሁለቱም ሙሉው ከተቆጠረ፣ አንድ ብሎኬት ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው። ዶሮ እንኳ ሁለቴ አትሸጥም።

ለሒሳብ እንዲመች የአንድ ካሬ ዋጋ 100,000 ብር ይሁን። 14 ሚሊዮኑ ለ104 ሲካፈል አንዱ ኔት ካሬ 134,615 ብር ይመጣል። ማዶ ያለው ሕንፃ «120,000፣ በኔት» ብሎ ሲለጥፍ መንገደኛው «አይ፣ ይሄስ ውድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያኔ እርስዎ በሆድዎ ሲስቁ ይታየናል። ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣው ወርኃዊ ክፍያም በግሮስ ካሬ ከተሰላ፣ ሳቅዎ በየወሩ ይታደሳል።

የበረንዳና የመኪና ማቆሚያ ነገርም አለ። በረንዳ አንዱ ጋ ሙሉ፣ ሌላው ጋ ግማሽ ይቆጠራል። 2.50 በ5 ሜትር የሆነ የመኪና ቦታ ደግሞ 12.50 ካሬ ነው፤ ብሮሸሩ ውስጥ ተደብቆ ከገባ አንድ መኝታ ቤት ያህላል። ቪላ ላይማ ልብስዎን ሦስቴ ይለውጣሉ። ካርታው ላይ ቦታው 200 ነው፤ ጂ ፕላስ 1 ቤቱ ያረፈው በ110 ላይ ነው፤ የሁለቱ ወለል ድምር 220 ነው። ደላላው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚጠራ የሚወስነው የገዢው ፊት ነው።

ጥርጣሬ ለገባው ሰው መድኃኒቱ ሞክሼዎ ነው፤ ያ ተጠቅላይ ሜትር። ከዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ከፍ ብሎ፣ ከልስን እስከ ልስን፣ እያንዳንዱን ክፍል በርዝመቱም በወርዱም ሁለት ሁለት ቦታ መለካት ነው፤ ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ብሎ አይቆምምና። ቤቱ ገና በብሎኬት ከሆነ ግን ያልተለሰነ ግድግዳ ያባብላል። 1.50 በ2.00 የሆነ መታጠቢያ ቤት በብሎኬቱ 3.00 ካሬ ነው። ልስን፣ ማጣበቂያና ሴራሚክ በየፊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ሲጨምሩ 1.44 በ1.94፣ ማለትም 2.79 ይሆናል። ወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ በሩ ሲከፈት ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጋር ሲጋጭ ግን ኢምንት አይደለም። «ሴሚ ፊኒሽድ»፣ ማለትም ማጠናቀቂያው ያልተሠራለት ቤት፣ የሚገዛ ሰው ይህን ቅናሽ አስቀድሞ ያስላ።

ከሁሉ የምንፈራዎት ግን ውሉ ውስጥ ነው። እዚያ «የስፋት ልዩነት እስከ 5 በመቶ ቢኖር የዋጋ ማስተካከያ አይደረግም» የሚል ለስላሳ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይተኛሉ። የ140 አምስት በመቶ 7 ካሬ ነው፤ 2.80 በ2.50 የሆነ የልጅ ክፍል፣ 700,000 ብር። ቤቱ ሲጠብ ዝም የሚል፣ ሲሰፋ ግን ተጨማሪ የሚያስከፍል አንቀጽ ካለ ደግሞ የእጅዎን ጽሑፍ ለይተን እናውቀዋለን። ውሉ ላይ «የውስጥ የተጣራ ስፋት፣ ከልስን እስከ ልስን» ተብሎ ቁጥሩ ይጻፍ፤ በረንዳው ለብቻው ይቀመጥ፤ ማስተካከያው በሁለቱም ወገን ይሥራ፤ የክፍሎቹ ልክ የሰፈረበት ፕላን ማኅተም ተደርጎበት አባሪ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በስልክ የተባለ «አረ ኔት ነው፣ አያስቡ!» እዚያ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ እንደ ተባለ ይቀራል።

ክቡርነትዎ የጎደሉትን 36 ይዘው ቢመጡ ቁርስ አዘጋጅተን እንጠብቃለን። ጠረጴዛው ግን የሚበቃው ለአራት ሰው ብቻ ነው፤ አምስተኛው ወንበር ኮለኑን ይነካል።

ከሰላምታ ጋር
የ104ቱ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለሻፍቱ
ሳሎን ለቆመው ኮለን
ለደረጃው (ድርሻችንን ጠርገን እንድንጠብቅ)