ካፓሲተር ኃይል አያመነጭም

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሚመላለስ ሚኒባሳቸው ላይ ሰብዉፈር (ቤዝ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ያስገጠሙ አንድ ሾፌር፣ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ እየደበዘዘ መቸገራቸውን ሲናገሩ «ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ያስገጥሙ፤ ይስተካከላል» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል። ይህ በየጋራዡ የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ያጠራቀመውን ይሰጣል እንጂ ኃይል አያመነጭም፤ ባለ 1 ፋራዱ (ፋራድ የማጠራቀም አቅሙ መለኪያ ነው) ቮልቴጁ ከ14.4 ወደ 12 እስኪወርድ የሚለቀው 32 ጁል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 1000 ዋት ለሚስብ አምፕሊፋየር ከሴኮንድ 3 መቶኛ ያህል ጊዜ በላይ አያቆይም፤ መልሶ የሚሞላውም ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ከዚያው ከዲናሞው ነው። በክረምት የእንጅባራን ጉም ለሚያቋርጥ ሾፌር ደግሞ የመብራት ነገር እንደ ቤዙ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሙዚቃው እየተጫወተ የባትሪው ቮልቴጅ በቴስተር ይለካ። እዚያው ባትሪው ላይ ቮልቴጁ በጉልህ የሚወርድ ከሆነ ጭነቱ ከዲናሞው አቅም በላይ ሆኗል ወይም ባትሪው ደክሟል። ባትሪው ላይ ሳይወርድ መብራቱ ጋ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ነው፤ ሽቦው የታሰረበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ይጽዳና በሚገባ ይጥበቅ።