ማስተካከያ፦ ስለ ቢሊ ሞንገር የጻፍነው

ባለፈው ጽሑፋችን እንግሊዛዊው የመኪና ተወዳዳሪ ቢሊ ሞንገር ሁለት እግሮቹን ያጣው በፎርሙላ 1 ውድድር እንደሆነ፣ ወደ ውድድር የተመለሰውም ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሆነ፣ በኋላ ያሸነፈው የፖ ግራንድ ፕሪም የፎርሙላ 1 ውድድር እንደሆነ ገልጸን ነበር። ሦስቱም ስህተት ነው፤ አንባቢያንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

አደጋው የደረሰው ሚያዝያ 8 ቀን 2009 ዓ.ም፣ በትንሣኤ ዕለት፣ ዶኒንግተን ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ በተካሄደው የብሪታንያ ፎርሙላ 4፣ ማለትም ከፎርሙላ 1 እጅግ ዝቅ ባለው የጀማሪ ወጣቶች ውድድር ነው። ሞንገር በመንገዱ ላይ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨ። ያን ጊዜ ገና 17 ዓመቱ ነበር።

ሁለተኛው ስህተታችን ይበልጥ ያሳዝነናል፤ የልጁን ብርታት አሳንሶ አቅርቧልና። ሞንገር የተመለሰው ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም በኦልተን ፓርክ የብሪታንያ ፎርሙላ 3 ውድድር፣ ነዳጁን በእጁ እንዲቆጣጠር ተደርጋ የተስተካከለች መኪና እየነዳ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ትግል ነበረበት፤ አካል ጉዳተኞች እንዲህ ባሉ ባለ አንድ መቀመጫ መኪናዎች እንዳይወዳደሩ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ደንብ እንዲነሳ መጠየቅ ነበረበት፤ ደንቡም ተነሳ። ይህን ጨርሶ አለመጥቀሳችን ትልቅ ጉድለት ነው።

በ2011 ዓ.ም ግንቦት ወር ፈረንሳይ ውስጥ በፖ ከተማ ያሸነፈው የፖ ግራንድ ፕሪም የፎርሙላ 1 ሳይሆን ዩሮፎርሙላ ኦፕን የተባለው ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው የአውሮፓ ውድድር ነው። በዝናብ ምክንያት ጎማ ለመቀየር ከሌሎቹ ቀድሞ ወደ መቀየሪያው ቦታ ገብቶ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ፣ እየቀደመ መጥቶ አንደኛ ወጣ። ድሉን በተመለከተ የጻፍነው ቀሪው ሐሳብ ትክክል ነው።