ቦዩ ይቅደም ወይስ ደወሉ?

አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው እንበል። ማዘጋጃ ቤቱ ለጎርፍ የመደበው በጀት አንድ ነው። ሁለት ሥራ ግን አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። አንዱ ግንባታ ነው፦ ቦይ፣ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ የባሕር መከላከያ ግንብ። ሌላው ሰውን ማዘጋጀት ነው፦ ማስጠንቀቂያ፣ መጠለያ፣ ልምምድ፣ በጎ ፈቃደኞች። ገንዘቡ ለሁለቱም አይደርስም። ትልቁ ድርሻ ለየትኛው ይሁን?

ለግንባታው የሚከራከሩት በማዘጋጃ ቤት የፍሳሽ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን የቆዩ መሐንዲስ ናቸው። ለሰው ዝግጅት የሚከራከሩት የሰፈራቸውን በጎ ፈቃደኞች የሚያስተባብሩ ነዋሪ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሐንዲሱ

ባሕር ዳር የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጠብ ያለ ዝናብ የለም። መንገዱ ላይ ግን ውሃ ተኝቷል። ከየት መጣ? ከማንሆሉ ነው። የጎርፍ ቱቦው ጫፍ ያለው ባሕሩ ውስጥ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ከቱቦው አፍ በላይ ይሆንና ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። በየመንገዱ ፍርግርግ ብቅ ብቅ ይላል። ያን ሰዓት ዝናብ ከተጨመረበት የሰማዩና የባሕሩ ውሃ መሃል ላይ ይገናኛሉ። መሃል ላይ ያለው ደግሞ የሰው ሳሎን ነው።

መድኃኒቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ቱቦው አፍ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ይገጠማል። ውሃው ከውስጥ ሲገፋው ይከፈታል፣ ባሕሩ ከውጭ ሲገፋው ይዘጋል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። ነገር ግን አንድ ባዶ ሃይላንድ ሥሩ ከተወሸቀ አለቀ። ክፍተቷ የጣት ያህል ብትሆን እንኳ ባሕሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲገባባት ያድራል። እኔ ራሴ እጄን ሰድጄ ያወጣሁበት ቀን አለ። ጠርዙ ላይ የተጣበቀው ዛጎል እጅ ይቆርጣል። እስከ ዛሬ ጠባሳው አለ።

ስለዚህ ግንባታ ስል ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ብቻ ማለቴ አይደለም። ቆሻሻ በቀኑ ማንሳት የጎርፍ ሥራ ነው። የዝናቡ ወቅት ሳይገባ ቦይ መጥረግ የጎርፍ ሥራ ነው።

ባሕሩም ባለበት አልቆመም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። በዓይን አይታይም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ቱቦዎቻችን የተቀበሩት ግን በድሮው ባሕር ልክ ነው።

ኔዘርላንድስ በ1953 በአንድ ሌሊት የባሕር ጎርፍ 1,836 ሰው ቀብራለች። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ዋና ማስተማር ብቻ አልበቃትም። ለአሥርት ዓመታት ግድብና የባሕር በር ስትሠራ ኖረች። በ1997 የተመረቀው የሮተርዳም መግቢያ መዝጊያ ሁለት ክንፍ አለው፤ እያንዳንዱ 210 ሜትር ይረዝማል። ባሕሩ ሲያብጥ በሩ ይዘጋል። ሰዉ ቤቱ ይተኛል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ነዋሪዋ

ኢንጂነር፣ ስለ ክዳኑ የነገሩን ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የፓምፑ ቤት ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ለማሾፍ አይደለም። አንድ ጊዜ ልምምድ አደረግን። የሰፈራችን መጠለያ አንድ ትምህርት ቤት ነው ተብሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አዛውንት ደግፈን፣ ሕፃን አዝለን ደረስን። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው የለም። ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ነው የሚኖረው፤ ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ በሚሸፈነው ድልድይ ማዶ። ዝናብ ላይ አርባ ደቂቃ ቆምን። ልምምድ ስለነበር ሳቅንበት። እውነተኛው ቀን ቢሆን ኖሮስ? ትምህርት ቤቱ ግን እርስዎ በሚወዱት ኮንክሪት ነው የተሠራው።

ጎርፍ የመታትን የስፔን ከተማ ቫሌንሲያን እናንሳ። ኦክቶበር 29 ቀን 2024። የስፔን ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ገና ጠዋት ነበር። የክልሉ የማስጠንቀቂያ መልእክት በሰዉ ስልክ ላይ የጮኸው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው። ያን ሰዓት ብዙ መንገድ ወንዝ ሆኗል። ሰው መኪናውን ሊያወጣ ምድር ቤት ወርዷል። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የጎደለው መረጃ አልነበረም። መረጃውን በሰዓቱ ጆሮ ላይ የሚያደርስ ሰው ነው የጠፋው።

ባንግላዴሽ ደግሞ ሀብታም ሳትሆን አድርጋ አሳይታለች። በ1970 አውሎ ነፋስ የገፋው ባሕር ከ300,000 ያላነሰ ሰው ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ መንግሥትና ቀይ ጨረቃ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን ማደራጀት ጀመሩ። ባንዲራ ይሰቅላሉ። በድምፅ ማጉያ በየበሩ ይጮኻሉ። ዛሬ ከ70,000 በላይ ናቸው። በ2020 አምፋን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ቤቱን ለቆ ነበር። የሞተው ሰው በአሥሮች ብቻ የሚቆጠር ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመሃል፣ በ1991፣ ሌላ አውሎ ነፋስ ወደ 140,000 ሰው ገድሏል። ከወንዶች ይልቅ ብዙ ሴቶች አለቁ። ማስጠንቀቂያው በአደባባይ በወንዶች መካከል ተወራ፣ ሴቶቹ ቤት ሆነው ባል እስኪመጣ ጠበቁ። መጠለያውም ከወንድ ጋር የሚጋፉበት ስለሆነ ፈሩት። ስለዚህ ሴት በጎ ፈቃደኞችን አበዙ። ሴት ስታንኳኳ በሩ ይከፈታል። ይህን የሚያስተካክል ቱቦ አለ?

መሐንዲሱ

እህቴ፣ ባንግላዴሽን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? መጠለያ ውስጥ ነው። መጠለያው ምንድን ነው? ውሃው ሥሩ እንዲያልፍ በምሰሶ ላይ የተቀመጠ የኮንክሪት ሕንፃ። የእኔ ክርክር ላይ የእርስዎ ሰዎች ወጥተው ዳኑ።

የሰው ዝግጅት የሚባለው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ደመናው ሲጠቁር ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አሸዋ ይገለበጣል፣ ጆንያ ይታደላል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። ሂሳቡን እንሥራው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመሪያ እንደሚለው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት የሚሞሉት 12 ጆንያ ያህል ነው። ለአንድ ተራ በር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለመያዝ ብቻ፣ ቢያንስ 6 ያስፈልጋል። 500 በር ያለው ሰፈር 3,000 ጆንያ ይፈልጋል። ሃምሳ ጥንድ ሰው ያለ ዕረፍት ቢሠራ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። መደርደሩን አልቆጠርኩም። ጆንያውም ያሳልፋል። ውሃው ሲሄድ ደግሞ የመጸዳጃ ፍሳሽ የጠጣ 3,000 ጆንያ ማን ያንሳ?

ሰዎች ግንብ ሲሠራ ያሾፋሉ። በጃፓን ፉዳይ የምትባል 3,000 ያህል ነዋሪ ያላት መንደር አለች። ከንቲባዋ ኮቶኩ ዋሙራ 15.5 ሜትር ከፍታ ያለው የጎርፍ በር ካልሠራሁ አሉ። ገንዘብ ማባከን ነው ተባለ፣ ተሳቀባቸው። በሩ በ1984 አለቀ። ሰውዬው በ1997 ሞቱ። በ2011 ሱናሚው የጎረቤት ከተሞችን ጠርጎ ሲወስድ የፉዳይ ቤቶች ቆመው ቀሩ። የጠፋው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጀልባውን ሊያይ ከበሩ ውጭ የወጣ። ሱናሚና የዝናብ ጎርፍ አንድ አይደሉም፣ ይገባኛል። ግን ያን ቀን ማንም በር አላንኳኳም፤ ግንቡ ብቻውን ሠራ።

ነዋሪዋ

ብቻውን አልሠራም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገሩን እንጂ። ዋናዎቹ አራት በሮች ከሩቅ በማሽን ተዘጉ። የጎን ትንንሾቹ ግን ተቀረቀሩ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሱናሚ እየመጣ ወደ ታች ሮጦ በእጁ ዘጋቸው። እኔ በጀት የምጠይቀው ለዚያ ሰው ነው። የት እንዳለ የሚያውቅ፣ መንገዱን በጨለማ የሚያውቅ፣ እንዴት እንደሚዘጋ በእጁ የለመደ ሰው።

በዚያው ባሕር ዳርቻ ታሮ የምትባል ሌላ ከተማ ነበረች። 10 ሜትር ከፍታ፣ 2.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ ነበራት። ሰው ከዓለም ዙሪያ እየመጣ ያየው ነበር። ሱናሚው ከላዩ ዘለለው። ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ግንቡ አለ ብለው ሳይሸሹ የቀሩ ነበሩበት። ግንብ ውሃን ብቻ ሳይሆን ፍርሃትንም ይከለክላል። የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስም በ2005 ግንብ ነበራት። ሲፈርስ የከተማዋ 80 በመቶ ውሃ ውስጥ ገባ። በ2017 ደግሞ ያለ አውሎ ነፋስ ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ከተማዋ ተጥለቀለቀች። ኋላ ሲጣራ ከፓምፖቹ ደርዘን የሚያልፉት ተበላሽተው ነበር። ነዋሪው አስቀድሞ አልተነገረውም።

የጆንያውን ነገር ተሸንፌያለሁ። ልክ ነዎት፣ አሸዋ ማደል ዝግጅት አይደለም።

ዝግጅት የምለው ሌላ ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ውሃ ስትሻገር 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል እንደሚችል ማወቋ ነው። ሾፌሩ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪና እንደሚገፋ ማወቁ ነው። ቆጣሪው ደርቆ ሳለ መብራቱን ከዚያው ማጥፋት ነው፤ ውሃ ላይ ቆሞ ማንም አይነካውም። ከሁሉ በላይ አንድ ወረቀት አለኝ። አልጋ ላይ የዋሉ፣ ጆሮ የማይሰሙ፣ ኦክስጅን የሚጠቀሙ፣ ብቻቸውን የሚያድሩ ሰዎች ዝርዝር። ስም፣ ቤት፣ ማን እንደሚደርስላቸው። ላስቲክ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ስልክ ላይ አላኖረውም፣ በዚያ ቀን መጀመሪያ የሚሞተው ኔትወርክ ነውና። ባለፈው ወር ሳድሰው ሦስቱ ሞተዋል፣ አንዷ ቤት ቀይራለች። ማዘጋጃ ቤቱ ዝርዝሩን ጠይቆኝ አያውቅም። ለማተሚያ ቀለም የምከፍለው እኔ ነኝ።

መሐንዲሱ

ስለ ወረቀቱ አልከራከርም። የቀለሙን ዋጋ ከኪስዎ መክፈልዎ ያሳፍራል።

ግን ደርናን ላንሳ። የሊቢያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ከላይዋ በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ። መሰንጠቃቸው በ1998 ታይቷል። በ2007 ጥገናው ለተቋራጭ ተሰጠ፤ አልተጠናቀቀም። ሴፕቴምበር 2023 በአንድ ሌሊት ሁለቱም ተናዱ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከነቤቱ ባሕር ገባ። የቱንም ያህል ጥሩ ደወል ቢኖር፣ ያ ግድብ ሳይጠገን የተቀመጠባት ከተማ ምን ዓይነት ከተማ ናት? እርስዎ ሰውን ከአደጋ ማሸሽ ይላሉ። እኔ አደጋው እዚያ መቆም አልነበረበትም ነው የምለው።

ነዋሪዋ

በዚያ ሌሊት ግማሹ ባለሥልጣን ውጡ ይል ነበር፣ ግማሹ ቤታችሁ ተቀመጡ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ኃላፊ በዚያው ሳምንት የተናገሩት የሞተው ሰው አብዛኛው በማስጠንቀቂያ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ነው። ግድቡ 16 ዓመት ጥገና ሲጠብቅ ሰዉም እዚያው ሥር ሲተኛ ኖረ። የእርስዎ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ኢንጂነር። ተቋራጩ እስኪመጣ፣ ጨረታው እስኪወጣ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ። በዚያ መሃል የሚዘንበውን ዝናብ ማን ይቀበለው? አሁንም የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም።

መሐንዲሱ

የቁልፉን?

አንድ ነበር። በእኔ ጊዜም አንድ ነበር። ፈረቃ የያዘው ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ፈረቃው ሲቀየር ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ። አንድ ሌሊት በሩን በጉጠት ገንጥለን ገብተናል። ሪፖርት ላይ አልጻፍነውም።

ሦስት ይቀረጽ። አንዱ ጣቢያው ላይ፣ አንዱ እሳት አደጋ ጋር፣ አንዱ እርስዎ ጋር። ጄኔሬተሩ እንዴት እንደሚነሳ ቅዳሜ ይምጡ አሳይዎታለሁ፣ ሁለት ጠንካራ ልጆች ይዘው ይምጡ፣ ማስነሻው ከባድ ነው። የቱቦውን በጀት ግን አልለቅም።